ጎበዝ ነበር፤ ግን ሆል ኦፍ ፌም ይገባዋል? አራት ተጫዋቾች በአንድ የምርጫ ወረቀት ላይ

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ የዲትሮይት ሰው አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የቤዝቦል ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር አዳራሽ) ምርጫ ውጤት ሲነገር ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ሉስ?» ይላሉ። ሉ ዊተከርን ማለታቸው ነው፤ የዲትሮይት ታይገርስ የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች የነበረውን። መጀመሪያ ላይ የሰፈር ፍቅር ነው ብዬ አልፌው ነበር። የልጅነት ተጫዋቹን ከፍ አድርጎ የማያይ ማን አለ? አንድ ቀን ግን በምሳ ሰዓት ስልኬን አውጥቼ የዊተከርን ቁጥሮች አብረውት ለውድድር ከቀረቡት ሰዎች ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሰውዬው ልክ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አብሬያቸው እጠይቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ክርክሩ ለሚገጥማችሁ ሰዎች ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ መግጠሙ አይቀርም። ልጃችሁ ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል) ይጫወታል፣ ካርድ ይሰበስባል፣ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ የአንድ ቡድን ቀንደኛ ደጋፊ ነው። ያኔ «ጎበዝ ነበር፣ ይግባ» ማለት አያዋጣም። በሜጀር ሊግ፣ በዋናው የቤዝቦል ሊግ፣ አሥር ዓመት የቆየ ሰው ሁሉ ጎበዝ ነው። በሜጀር ሊግ ታሪክ ከ20,000 በላይ ሰዎች ተጫውተዋል፤ የገቡት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ከጎበዞቹ መካከል ማን እንደሚበልጥ የሚታወቀው ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር አቁሞ በማየት ነው። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉን ቶሎ እንለፈው

አዳራሹ ያለው ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች የተመረጡት በ1936 ነበር፤ ታይ ኮብ፣ ቤብ ሩት፣ ሆነስ ዋግነር፣ ክሪስቲ ማቲውሰን እና ዋልተር ጆንሰን። አንድ ተጫዋች ለምርጫ ለመቅረብ ቢያንስ 10 ሲዝን መጫወት አለበት፣ ካቆመ በኋላም 5 ዓመት ይጠብቃል። የሚመርጡት ቤዝቦልን ለረጅም ጊዜ የዘገቡ ጋዜጠኞች ናቸው። አንድ መራጭ ቢበዛ 10 ስም ነው ምልክት የሚያደርገው። ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል።

አንዱን ሕግ ግን ልብ በሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ጣጣ የመጣው ከሱ ነው። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል። በቃ። ከ5 በላይ ያገኘው ግን በየዓመቱ ይመለሳል፤ ዛሬ እስከ 10 ዓመት፣ በፊት እስከ 15 ዓመት። በጋዜጠኞቹ በኩል በሩ የተዘጋበት ሰው ተስፋው 16 አባላት ያሉት ኮሚቴ ብቻ ነው። እዚያ ለመግባት 12 ድምፅ ይፈልጋል።

የ2001 ወረቀት

ለማነጻጸር ከ2001 የተሻለ ዓመት አላገኘሁም። አራት ሰዎች፣ አራቱም የመጨረሻ ጨዋታቸውን የተጫወቱት በ1995 ነው፣ ስለዚህ አራቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ቀረቡ። ዴቭ ዊንፊልድ፣ ከርቢ ፓኬት፣ ዶን ማቲንግሊ እና ሉ ዊተከር። 515 መራጮች ድምፅ ሰጡ። ዊንፊልድ 435 አገኘና ገባ። ፓኬት 423 አገኘና ገባ። ማቲንግሊ 145፣ ማለትም 28.2 በመቶ። ዊተከር 15።

አሥራ አምስት። 2.9 በመቶ። በአንድ ቀን ስሙ ተሰረዘ።

ስለ ዊንፊልድ ብዙ አልልም፤ ክርክር የለውም። 3,110 ሂት (መትቶ ቤዝ ላይ የደረሰበት)፣ 465 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳ ውጪ የመታበት)፣ 12 ጊዜ ኦል ስታር (ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠበት)። እንደሱ ያለ ሰው ሲመጣ ማነጻጸርም አያስፈልግ። የሚያከራክሩት የቀሩት ሦስቱ ናቸው።

ፓኬት ወይስ ማቲንግሊ?

መጀመሪያ ስማቸውን ሸፍናችሁ ቁጥሩን ብቻ እዩ። አንደኛው 2,304 ሂት፣ 207 ሆም ራን፣ የመምታት አማካዩ (ከሙከራዎቹ ስንቱ እጅ ሂት እንደሆነ) 0.318። ሁለተኛው 2,153 ሂት፣ 222 ሆም ራን፣ አማካዩ 0.307። አንደኛው 12 ሲዝን፣ ሁለተኛው 14። አንደኛው 6 ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት)፣ ሁለተኛው 9፣ በዚያ ላይ ሁለተኛው በ1985 ኤም ቪ ፒ (የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ነበር። አንገት ለአንገት ናቸው። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው አንዱ በመጀመሪያው ዓመት በ82 በመቶ የገባው፣ ሌላው ደግሞ 15 ዓመት ሙሉ ወረቀቱ ላይ ቆይቶ ከ28.2 በላይ አንድ ጊዜም ሳያገኝ የቀረው?

ማቲንግሊን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከ1984 እስከ 1987 በያንኪስ ቡድን ኒው ዮርክን የያዘው እሱ ነበር። በ1984 የሊጉን የመምታት ዋንጫ ለመውሰድ የተፎካከረው ከራሱ ቡድን ሰው፣ ከዊንፊልድ ጋር ነው። የመጨረሻው ቀን ላይ ዊንፊልድ በትንሹ ይመራ ነበር። ማቲንግሊ ያን ቀን ከአምስት ሙከራ አራቱን ሂት አደረገና 0.343 ለ0.340 ወሰደው። በ1986 ደግሞ 238 ሂት መታ። በ1987 በተከታታይ 8 ጨዋታ ሆም ራን መታ። ያን ጊዜ «ይህ ልጅ ሆል ኦፍ ፌም ይገባል?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መቼ ይገባል ነበር ጥያቄው።

ከዚያ ጀርባው ታመመ።

በነዚያ አራት ዓመታት ብቻ 119 ሆም ራን መቷል። በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት የመታው ተደምሮ 58 ነው። ይህን ቁጥር ሳይ አንጀቴን ይበላዋል። መጫወቱን አላቋረጠም፣ በግላቩ እስከ መጨረሻው ድረስ ምርጥ ነበር፣ ዱላው ላይ ግን ያ ጉልበት አልተመለሰም። ያንኪስ በሱ ዘመን ለድህረ ሲዝን የበቁት አንዴ ብቻ ነው፣ በ1995፣ እሱም ሊሰናበት ሲል። በዚያ ዙር 0.417 መታ። ቡድኑ ተሸነፈ። በዓመቱ፣ እሱ ሲሄድ፣ ዋንጫውን በሉ።

ፓኬት ደግሞ ሌላ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲሮጥ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ። በ1991 ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ስድስተኛው ጨዋታ ሲጀመር አትላንታ የፓኬትን ቡድን ሚኒሶታ ትዊንስን በጨዋታ 3 ለ2 ይመራ ነበር፣ ትዊንስ ከተሸነፉ አበቃላቸው። ሦስተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ላይ የአትላንታው ሮን ጋንት የመታት ኳስ ወደ ግድግዳው ስትሄድ ፓኬት ዘሎ ቀለባት። ጨዋታው እኩል ሆኖ ተራዘመ። 11ኛው ኢኒንግ ላይ ፓኬት ራሱ ሆም ራን መትቶ ጨረሰው። በማግስቱ ትዊንስ 1 ለ0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ያን ማታ ያየ ጋዜጠኛ ከአሥር ዓመት በኋላ ወረቀቱን ሲቀበል እጁ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

የፓኬትም መጨረሻ አሳዛኝ ነው፤ ግን በሌላ መንገድ። በ1996 ማርች ላይ አንድ ጠዋት ሲነሳ በቀኝ ዓይኑ ማየት አቃተው። ግላኮማ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም። ስለዚህ ሰው በአእምሮው የሚያስታውሰው ፓኬት ሁልጊዜ ጥሩ የነበረው ፓኬት ነው። ሲወርድ ማንም አላየውም። የማቲንግሊን መውረድ ግን ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ አይቷል።

እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ያልተጫወተውን ዓመት ለማንም አትቁጠሩለት። «ባይታመም ኖሮ» የሚለው ነገር ለፓኬትም ለማቲንግሊም እኩል ነው የሚሠራው፤ ለአንዱ ፈቅዳችሁ ለሌላው ልትከለክሉ አትችሉም። ሁለቱንም ትታችሁ የሆነውን ብቻ ያዙ። የሆነውን ስይዝ እኔ ፓኬትን እመርጣለሁ፣ ምክንያቴም የቆሙበት ቦታ ነው። ፓኬት ሴንተር ፊልድ (የውጪው ሜዳ መሐል) ላይ ነበር፣ ሜዳው ሁሉ የሱ ነው። ማቲንግሊ የቆመው አንደኛ ቤዝ ላይ ነው። አንደኛ ቤዝ ቡድኖች ትልልቅ መቺዎቻቸውን የሚያቆሙበት ቦታ ስለሆነ እዚያ የቆመ ሰው ከሁሉም በላይ በዱላው መብለጥ አለበት። 222 ሆም ራን ለሴንተር ፊልደር ጥሩ ነው፤ ለአንደኛ ቤዝ ግን ሆል ኦፍ ፌም ውስጥ ካሉት ጋር ሲቆም ያንሳል። በዋር ሲለካም ፓኬት ወደ 51 ነው፣ ማቲንግሊ ወደ 42።

ዋር ምንድነው ለሚል፣ ይህ ተጫዋች ባይኖርና በቦታው ከታችኛው ሊግ የመጣ ተራ ተተኪ ቢገባ ኖሮ ቡድኑ ስንት ድል ይቀንስበት ነበር የሚለውን የሚገምት ቁጥር ነው። መምታቱን፣ ሩጫውን፣ መከላከሉን፣ የቆመበትን ቦታ ይደምራል። ግምት ነው። የሁለት የሦስት ነጥብ ልዩነት ይዛችሁ አትጣሉ። ዘጠኝ ሲሆን ግን ልዩነቱ ይታያል።

ማቲንግሊን አልመርጥም ስል ቀላል ሆኖልኝ አይደለም። የሱን አራት ዓመታት የሚያህል ያላሳዩ ሰዎች ኩፐርስታውን ውስጥ አሉ። ግን አራት ዓመት ነው።

ዊተከር ወይስ ሳንድበርግ?

አሁን ወደ አሥራ አምስቱ ድምፅ።

ዊተከርን ከፓኬትና ከማቲንግሊ ጋር እዚያው ወረቀት ላይ አቁሙት። ሂት፦ 2,369። ከሁለቱም ይበልጣል። ሆም ራን፦ 244። ከሁለቱም ይበልጣል። ቤዝ ላይ የመድረስ አማካይ፦ 0.363፣ ፓኬት 0.360፣ ማቲንግሊ 0.358። አሁንም ይበልጣል። እውነት ነው፣ 19 ሲዝን ተጫውቷል፣ እነሱ 12 እና 14፣ ስለዚህ ድምሩ ላይ ጊዜ አግዞታል። ያን ልቀንስላችሁ። ግን ይህን ሁሉ ያደረገው ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆሞ ነው፤ ቡድኖች መጀመሪያ እጁንና እግሩን አይተው ሰው የሚመርጡበት፣ ቢመታ እንደ ምርቃት የሚቆጠርበት ቦታ። ዋሩ 75 ነው። ያለ አንዳች ክርክር ከገባው ከዊንፊልድ እንኳ ይበልጣል፤ የሱ 64 ነው።

የአንድን ቦታ ሰው ከሌላ ቦታ ሰው ጋር ማነጻጸር እዚህ ድረስ ነው የሚያስኬደው። ትክክለኛው ሚዛን በዚያው ዘመን እዚያው ቦታ የተጫወተና የገባ ሰው ነው። ለዊተከር ያ ሰው ራይን ሳንድበርግ ነው፤ የቺካጎ ከብስ ሁለተኛ ቤዝ፣ በ2005 የገባው።

ሳንድበርግ 2,386 ሂት፣ 282 ሆም ራን፣ አማካዩ 0.285፣ 9 ጎልድ ግላቭ፣ 10 ጊዜ ኦል ስታር፣ የ1984 ኤም ቪ ፒ። ዊተከር 2,369 ሂት፣ 244 ሆም ራን፣ 0.276፣ 3 ጎልድ ግላቭ፣ 5 ጊዜ ኦል ስታር። እዚህ ብታቆሙ ሳንድበርግ ነው። አብዛኛው መራጭ እዚህ ነው ያቆመው።

አንድ አምድ ወደ ቀኝ ሂዱ። ዎክ። ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) አራት መጥፎ ኳስ ወርውሮ መቺው በነፃ አንደኛ ቤዝ የሚሄድበት። ዊተከር 1,197፣ ሳንድበርግ 761። ፓኬት በሙሉ ዘመኑ 450 ብቻ። ዎክ በመምታት አማካይ ውስጥ አይቆጠርም፣ የጋዜጣ አርዕስት አይሆንም፣ ማታ ቴሌቪዥን ላይም አይደገምም። ግን ሰውየው ቤዝ ላይ ቆሟል። አውት አልሆነም። ቀጥሎ የሚመታው ቢመታ ነጥብ ይገባል። በ2001 ብዙ መራጭ ይህን አምድ አያየውም ነበር። ሳንድበርግ ቤዝ ላይ የደረሰው 0.344 ነው። ይህ ማለት ከ1,000 ጊዜ ለመምታት ቢቆሙ ዊተከር ከሱ 19 ጊዜ አብልጦ ቤዝ ላይ ይደርሳል ማለት ነው፣ ይህም ለ19 ዓመት።

የሳንድበርግን ማሳነስ አልፈልግም። ይገባዋል፣ ገባ፣ ደስ ይላል። በ1984 ጁን ላይ በመላው አገር በሚታይ ጨዋታ፣ ያን ጊዜ ከሁሉም የሚፈራውን ፒቸር ብሩስ ሱተርን በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ሆም ራን መትቶ ሁለቴ እኩል አድርጎበታል። ያን ቀን የሰው ዓይን ውስጥ ገባ። ከብስ ደግሞ በኬብል በየቀኑ በየቤቱ ይታዩ ነበር። ዊተከርን የሚያየው ዲትሮይት ነው። እዚያ ለመምታት ሲወጣ ሕዝቡ ስሙን «ሉሉሉ» እያለ ይጎትተው ነበር፤ የማያውቅ እንግዳ የሚጮኹበት ይመስለዋል።

አንድ ተጫዋች እንደ ዊተከር ሲሆን ለምን እንደሚታለፍ የገባኝ ቁጥሩን በዓመት ከፋፍዬ ሳየው ነው። አንድም እብድ ዓመት የለውም። ለኤም ቪ ፒ ያገኘው ከፍተኛ ደረጃ 8ኛ ነው፣ በ1983። ግን መጥፎ ዓመትም ብዙ የለውም። በ1978 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ነበር። በ1995፣ በ38 ዓመቱ፣ ሊያቆም ሲል 0.293 እየመታ ነበር። እንደዚህ ያለ ሰው በየዓመቱ «ጥሩ ነው» ይባላል፣ «ምርጥ ነው» ሳይባል 19 ዓመት ያልፋል፣ ከዚያ ድምሩን የሚደምርለት ይጠፋል።

ትራሜልስ?

ይሄ ነው የኔን ሆድ የሚያባባው።

አለን ትራሜል የዲትሮይት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆም ተጫዋች) ነበር። እሱና ዊተከር ሜጀር ሊግ ላይ የታዩት በአንድ ቀን ነው፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1977። ከዚያ 19 ሲዝን ጎን ለጎን ቆሙ። 1,918 ጨዋታ አብረው ተጫወቱ። አንዱ ኳሱን ሲያነሳ ሌላው የት እንደቆመ ማየት አያስፈልገውም ነበር ይላሉ ያዩዋቸው። ትራሜል 2,365 ሂት፣ ዊተከር 2,369። አራት ሂት ነው የሚለያዩት። በሃያ ዓመት ውስጥ አራት! በዋር ትራሜል ወደ 70፣ ዊተከር 75።

በ1984 ዲትሮይት ሲዝኑን 35 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ጀመረና መጨረሻው ላይ ሳንዲየጎ ፓድሬስን 4 ለ1 ረትቶ ዋንጫ በላ። የወርልድ ሲሪሱ ኤም ቪ ፒ ትራሜል ሆነ። አራተኛው ጨዋታ ላይ ሁለት ሆም ራን መታ፣ ሁለቱም ሁለት ሁለት ነጥብ፣ ጨዋታው 4 ለ2 አለቀ። ያገኟቸው ነጥቦች በሙሉ ከትራሜል ዱላ ናቸው። አሁን የዚያን ጨዋታ ዝርዝር ፈልጉና ሆም ራኖቹ ሲመቱ ቤዝ ላይ ማን እንደነበረ እዩ። ሁለቱም ጊዜ ዊተከር ነው። እሱ ቀድሞ ቤዝ ላይ ደረሰ፣ ትራሜል መታ፣ ሉ ሆም ፕሌቱን ረግጦ ዞሮ ጠበቀው። የዲትሮይቱ ባልደረባዬ ይህን ሲያወሩ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በጣታቸው ቤዞቹን ያሳዩኛል፣ «እዚህ ነበር» ይላሉ፣ «እዚህ»።

ትራሜል የተሻለ ዘውድ ነበረው፤ የ1984ቱ ሽልማት፣ በ1987 ኤም ቪ ፒን በጥቂት ነጥብ ያጣበት ዓመት። ይህ ይቆጠርለት። ግን ዋናውን ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ትራሜል አንድ ዓመት ጨምሮ እስከ 1996 ተጫወተ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የወጣው በ2002 ነው። 15.7 በመቶ አገኘ። ብዙ አይደለም፣ ግን ከ5 በላይ ነው። በዚያ ምክንያት 15 ዓመት ሙሉ ስሙ በየዓመቱ ተነሳ፣ ቁጥሩ ተመረመረ፣ ወጣት ጸሐፊዎች ተከራከሩለት፣ በመጨረሻው ዓመት 40.9 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ኮሚቴው በ16 አባላት 13 ድምፅ ሰጠውና ከጃክ ሞሪስ ጋር በ2018 ገባ። ስለ ዊተከር ግን የሚከራከር መድረክ አልነበረም። የ2001 ወረቀት ደግሞ የተጨናነቀ ነበር፤ ጋሪ ካርተር፣ ብሩስ ሱተር፣ ጂም ራይስ፣ ጉስ ጎሴጅ፣ በርት ብላይሌቨን፣ ጃክ ሞሪስ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ሁሉም በኋላ ገብተዋል። አሥር ስም ብቻ ለሚመርጥ ሰው ቦታው አለቀ።

ትራሜል ኩፐርስታውን መድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር ሉን አንስቶ፣ አንድ ቀን እሱም እዚያ እንዲቆም ተመኝቷል።

አጭርና ብሩህ ወይስ ረጅም?

ስለ ፒቸሮች ትንሽ ልበል፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ስለሚመጣ። ሳንዲ ኮፋክስ ያሸነፈው 165 ጨዋታ ብቻ ነው። በክርኑ ሕመም በ30 ዓመቱ አቆመ። በ1972 በመጀመሪያው ሙከራ ገባ፣ ምክንያቱም ከ1962 እስከ 1966 ድረስ የሚስተካከለው አልነበረም፤ በአምስቱም ዓመት በአማካይ ትንሽ ነጥብ የገባበት ፒቸር ሆኖ ሊጉን መርቷል፣ ሦስት ጊዜም ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) ወስዷል። ዮሃን ሳንታና 139 አሸነፈ፣ ሁለት ሳይ ያንግ ወሰደ፣ ከ2004 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከሱ የሚሻል ፒቸር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፣ ከዚያ ትከሻው አስቆመው። በ2018 በ2.4 በመቶ ወጣ። ኮፋክስ ከሱ ይበልጣል፣ ግልጽ ነው። ግን አምስት ታላቅ ዓመት ለአንዱ በቂ ከሆነ ለሌላው ቢያንስ የአሥር ዓመት ክርክር ይገባው ነበር። እኔ ሳንታናን አስገባው ነበር።

በሌላው ጫፍ ሃሮልድ ቤይንስ አለ። 22 ሲዝን፣ 2,866 ሂት፣ 384 ሆም ራን። የተከበረ ባለሙያ። ብዙውን ጊዜ የተጫወተው ግላቭ ሳያደርግ መቺ ብቻ ሆኖ ነው። ጋዜጠኞቹ ከ6.1 በመቶ በላይ ሰጥተውት አያውቁም። በ2018 መጨረሻ ኮሚቴው ልክ 12 ድምፅ ሰጠውና ገባ፤ ከመራጮቹ መካከል የቀድሞ ቡድኑ ባለቤትና የቀድሞ አሰልጣኙ ነበሩ። ዋሩ 39 አይሞላም።

ቤይንስ ከገባ ወዲህ ሰው ሁሉ «እሱ ከገባ የኔ ተጫዋች ምን ይለዋል» ማለት ጀምሯል። ይህን መንገድ አትሂዱበት። በሱ ሚዛን ከተለካ ማቲንግሊም ይገባል፣ ከሱ ጋር ደግሞ መቶ ሰው ይገባል። ተጫዋቻችሁን በዚያ ቦታ ከገቡት ሰዎች መሐል ላይ ከሚቆመው ጋር አስተያዩት፣ ከታችኛው ጋር አይሁን። ዊተከር እዚያ መሐል ላይ ነው የሚቆመው፤ በሙሉ ዘመኑ ዋር ከሁለተኛ ቤዞቹ አማካይ ይበልጣል፣ በሰባቱ ምርጥ ዓመታቱ ያንሳል። ለሱ ልመና አያስፈልግም የምለው ለዚህ ነው።

ስለ አበረታች መድኃኒት፣ በሱም ስለተጠረጠሩት ስለ ባሪ ቦንድስና ስለ ሮጀር ክሌመንስ እዚህ አላነሳም። እነሱን የያዛቸው ጥያቄ ችሎታ አይደለም።

ወረቀቱ የኔ ቢሆን

ከአራቱ ሦስቱን እመርጣለሁ፤ ዊንፊልድ፣ ዊተከር፣ ፓኬት። በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን ብትሉኝ ዊተከርንና ዊንፊልድን ማን ይቅደም ብዬ ቆም እላለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ፓኬት ወይስ ዊተከር ብትሉኝ ዊተከር። የ1991ዱን ማታ እያወቅሁ ነው የምለው። አንድ ማታ ትልቅ ነገር ነው፣ 2,390 ጨዋታ ግን ከዚያ ይበልጥብኛል። ማቲንግሊን ከሚያስገቡት ጋር አልጣላም። አራቱን ዓመታት ካየ ሰው ጋር መጣላት ይከብዳል።

እናንተ ሌላ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቦታውን ጠይቁ። ከዚያ በዘመኑ እዚያ ቦታ የገባውን ሰው ፈልጉ። ዎኩን ቁጠሩ። ዓመት በዓመት እዩት፤ ስንት ዓመት ምርጥ ነበር፣ ስንት ዓመት ጥሩ ነበር፣ ስንት ዓመት ቦታ ብቻ ያዘ። ይህን ካደረጋችሁ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ራሱ ይመጣል።

የዊተከር ነገር እስካሁን እንዲህ ነው። በ2019 መጨረሻ ኮሚቴው ፊት ቀረበ፣ ከሚያስፈልገው 12 ድምፅ 6 ብቻ አገኘ። ዲትሮይት በ2022 ቁጥሩን፣ 1ን፣ ከአገልግሎት አውጥቶ ሰቀለለት። በ2022 መጨረሻና በ2025 መጨረሻ በቀረቡት የስምንት ስምንት ሰዎች ዝርዝሮች ውስጥ ስሙ አልነበረም። በ1985 ኦል ስታር ጨዋታ ላይ ማልያውን ረስቶ መጥቶ፣ ስታዲየሙ ውስጥ ለደጋፊ ከሚሸጠው አንዱን ለብሶ ቁጥሩን በማርከር ጽፈውበት ተጫውቷል። ያ ማልያ ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም እጅ ነው፣ እኛው ዋሽንግተን ውስጥ። ለባልደረባዬ ስነግራቸው ለካ ከኔ በፊት ያውቁታል።

የሱን ዘመን ተጫዋቾች የሚያየው ኮሚቴ ቀጥሎ የሚሰበሰበው ዲሴምበር 2028 ነው። ሉ ያን ጊዜ 71 ዓመቱ ይሆናል።